የአንድ አዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ

ድሮ ትምህርት ቤት ልጅ የሚማርበት ቦታ ነበር። አሁን አባት የሚማርበት ሆኗል። ልጅቷ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ «ፕሮጀክት» የሚባል ነገር ይዛ ትመለሳለች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ቁጭ ብሎ ይማራል። እናት ትቆርጣለች፣ አባት በኮላ ይለጥፋል፣ የፕሮጀክቱ ባለቤት ልጅቷ ደግሞ ቴሌቪዥን ታያለች። በሳምንቱ «በጣም ጥሩ» የሚል ተጽፎላት ትመጣለች። እኔ በልጅነቴ ያላገኘሁትን «በጣም ጥሩ» በስተርጅና እየሰበሰብኩ ነው። ለዚህ ውለታ ሥርዓተ ትምህርቱን ማመስገን አለብኝ።

ይህን የምለው ትምህርት ጠልቼ አይደለም። ሦስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ቀሪውን የተማርኩት ከወረቀት ነው፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ማዳበሪያ ከመጣበት ጆንያ፣ በኋላም የዕቃ ካርቶን ላይ ከታተመው። አሰላ ውስጥ የትራክተርና የኮምባይነር መለዋወጫ እሸጣለሁ። በእኛ ሥራ አንዲት ፊደል ከተዛባች ሌላ ኩሽኔታ ይመጣል፤ ሌላ ኩሽኔታ ከመጣ ኮምባይነሩ ማሳ መሃል ይቆማል፤ ስንዴው ይረግፋል፤ ገበሬው እኔን ይረግማል። ስለዚህ ለቃል ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ቢያንስ እስካለፈው ጥር ድረስ እንዲያ ብዬ አስብ ነበር።

በዚያ ሰሞን ታናሽ እህቴ ከአርቦዬ መጥታ እኛ ቤት ነበረች። አርቦዬ ባል አግብታ፣ ልብስ እየሰፋች ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ የስፌት መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ባሏ ሸጧታል። በገንዘቡ ከጓደኞቹ ጋር ሚኒባስ ሊገዛ ነው። ስትጠይቀው «ለሁለታችን ብዬ ነው» አላት። ሰው ለብቻው ሊያደርግ የወሰነውን ነገር ሁሉ ለሁለት ብሎ ነው የሚያደርገው። በማግስቱ ቦርሳዋን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረችና አሰላ ወረደች። ባሏ ድርሻ የገዛበት ሚኒባስ ይሁን ሌላ፣ አላጣራሁም።

እኔ ምን አልኩ? እኔ የምለው ሁልጊዜም የታወቀ ነው። ለመኪና ተብሎ ትዳር አይፈርስም አልኩ። አዋቂ ሰው ይታገሣል አልኩ። አዋቂ ሰው የጀመረውን ይጨርሳል አልኩ። ይህን በቁርስ፣ በምሳና በእራት ላይ አልኩ። እህቴ ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርኩት። ብዙ የምንናገር ሰዎች ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ ይመስለናል።

ብዙም ሳይቆይ የባሏ ወገኖች ደወሉ። በእኛ አገር ባልና ሚስት ሲጣሉ ጃርሳ ይገባል፤ ሽማግሌዎች ማለት ነው። መጥተው ሊያስታርቁና ይዘዋት ሊመለሱ ፈለጉ። ጉዳዩ በአንድ ስልክ አለቀ። እሁድ ኑ፣ ትመለሳለች፣ ቃሌ ነው አልኳቸው። እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ ልብስ እያጠፈች ትሰማ ነበር። ሚስቴ ያን ቀን ሻዬን ያለ ስኳር አቀረበችልኝ። ስኳር ስለተወደደ መስሎኝ ቆጣቢነቷን አመሰገንኩ።

ፕሮጀክቱ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት፤ በአማርኛው ክፍል ነው የምትማረው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ መንገድ ላይ ሁለቱንም፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ። መምህሯ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ በአሰላ ብርድ ጃኬቷን አውልቃ የማታውቅ ወጣት ናት። ሥራዋን ትወዳለች፤ እኛን ሥራ ያበዛብንም ይኸው መውደዷ ነው። ለመንፈቁ መዝጊያ ሁለት ፕሮጀክት አዘዘች። አንደኛው የዓለም ባህል ነው፤ ልጆቹ የተጠቀለለ ወረቀት ዕጣ ያወጣሉ፣ የደረሳቸውን አገር ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ሁለተኛው የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ አጥንቶ በወላጆች ፊት ማቅረብ ነው። ሁለቱም ቅዳሜ። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ ማለት ነው።

በሁለተኛው ላይ መምህሯ አንድ ሕግ አወጣች፦ ሯጭ ክልክል። ባለፈው ዓመት ሕግ አልነበረም፤ ክፍሉ በሙሉ ቱታ ለብሶ መጣ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ተናገረ፣ ሁሉም አንገቱ ላይ ከወርቃማ የቸኮሌት ወረቀት የተሠራ ሜዳሊያ አጠለቀ። መምህሯ ያንኑ የሕይወት ታሪክ ከጠዋት እስከ ቀትር ሰማች። ስለዚህ አልፈርድባትም። ግን አሰላ ላይ ሯጭ መከልከል ሮቤ ላይ ስንዴ እንደ መከልከል ነው። ወላጅ ሁሉ ግራ ገባው። ከሯጭ ሌላ ሰው መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም።

ለልጄ በዕጣ የደረሳት ኖርዌይ ነበር። የት እንዳለ ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት፤ ብርዳም ተራራ ያለበት፣ ጭጋግ የማይለየው፣ ሰዎቹም ቁጥብ የሆኑ አገር ነው ይላል። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ለሚኖር ሰው ይህ የዓለም ባህል ሳይሆን የሰፈር ወሬ ነው። ልጄን ጋቢ ደርበሽ ሂጂ አልኳት። አለቀሰች። እህቴ ስልኩን ወስዳ ፎቶዎቹን አገላበጠችና እኔ እሰፋዋለሁ አለች፤ መኪና ብቻ አምጡልኝ።

መኪናው ከጎረቤታችን ቤት መጣ። ጎረቤታችን ባሏ ሹፌር የሆነ፣ ልጇ ከእኔ ልጅ ጋር የሚማር፣ ከእናቷ የወረሰችው የእግር ስፌት መኪና ላይ የአበባ ማስቀመጫ የምታኖር ሴት ናት። ለልጇ የደረሰው አገር ሜክሲኮ ነው። ሴትዮዋ በዚህ ተናዳለች። ሜክሲኮ አዲስ አበባ ውስጥ አክስቷ የምትኖርበት ሰፈር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሄዳለች፤ ታክሲ መጠበቂያው ላይ የተለየ ልብስ የለበሰ ሰው አይታ አታውቅም።

«እንደኛው ሱሪና ሹራብ ነው እኮ የሚለብሱት» አለችኝ። «ምኑን ነው የምሰፋለት?»

ሌላ ሜክሲኮ እንዳለ አስረዳኋት። ቅር አላት፤ የአክስቷን ሰፈር ስም የሰረቀ አገር አድርጋ ነው የወሰደችው።

ወሬው ተሰማና በሁለት ቀን ውስጥ ሳሎኔ የተባበሩት መንግሥታት ሆነ። ጃፓን ለልክ መጣች። ህንድ ቁልፍ ጎደለኝ ብላ ተመለሰች። ብራዚል የኳስ ማሊያ ለብሶ ይበቃኛል ቢልም እናቱ እያዳፋች አመጣችው። ከዓለም አገሮች ግማሾቹ የወጡት ከአንድ ጥቅል የመጋረጃ ጨርቅ ነው፤ ቀዩ አበባ ፊት ለፊት ከሆነ ጃፓን፣ ከኋላ ከሆነ ሜክሲኮ። የሰው ልጅ አንድ ነው ሲሉ ሰምቼ አላመንኩም ነበር፤ በዓይኔ አየሁት። እህቴ ከመጣች ጀምሮ ድምጿን የሰማሁትም ያን ሰሞን ነው። መርፌ ጥርሷ ላይ ነክሳ ታንጎራጉር ነበር። ባየኋት ቁጥር እሁድን አስታወስኳት፤ ዕቃሽን ከወዲሁ አዘጋጂ፣ አዋቂ ሰው በመጨረሻ ሰዓት አይጣደፍም።

ከዚያ አንድ ማታ እራት ላይ ልጄ ጠየቀችኝ።

«አባ፣ አዋቂ ማለት ምንድን ነው? የአንድ አዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ አምጡ ተብለናል።»

እጄን ከትሪው መለስኩ። በመጨረሻ አንድ ትምህርት ቤት ቁም ነገር ጠየቀ። ሯጭ አይደለም፣ ዘፋኝ አይደለም፤ አዋቂ። በመምህሯ ላይ ያሰብኩትን ክፉ ሁሉ በልቤ ሰረዝኩ። ከዚያም መለስኩ፤ መልሱም እራቱ እስኪበርድ ቆየ። አዋቂ ማለት በዕድሜ የገፋ ማለት ብቻ አይደለም አልኩ። አዋቂ ራሱን ችሎ የሚቆም ነው። አዋቂ የሰው ዕቃ ሳያስፈቅድ አይነካም። አዋቂ ማንም እጁን ይዞ አይመራውም። አዋቂ ቃሉን ይጠብቃል። ልጄ እያኘከች አዳመጠችኝ። እህቴ ውሃ ልታመጣ ተነሣች።

ልጅቷ የምትሠራው ስለ ማን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር። በቤቱ ውስጥ ይህን ቃል የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። መምህሯ የሰጠቻቸውን ጥያቄዎችም ነገረችኝ፤ የት ተወለደ፣ ምን ችግር አለፈ፣ ከእርሱ ምን እንማራለን። እኔም በጨዋነት፣ ስለ ራሴ እንደሚናገር ሰው ሳይሆን እንዲሁ ጨዋታ እንዳነሣ ሰው፣ ሲሬ ላይ መወለዴን፣ በጆንያ ላይ ጽሑፍ ፊደል መቁጠሬን፣ በሰው ሱቅ ተቀጥሬ መሬት ላይ መተኛቴን አነሳሁ። ምንም አልጻፈችም። ጭንቅላቷ ፈጣን ነው፣ በቃሏ ትይዘዋለች ብዬ ኮራሁ። ለመለጠፊያ እንዲሆናትም ለመታወቂያ የተነሣሁትን ጉርድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ትቼላት ወጣሁ። ፎቶው ዋለ፣ አደረ። በኋላ ሚስቴ የዘይት ጠርሙሱ የጠረጴዛውን ልብስ እንዳያበላሽ ፎቶዬን ሥሩ አንጥፋው አገኘሁት።

አርብ ከጁምዓ መልስ ጎረቤታችን የልጇን ልብስ ልትወስድ መጣች። ልጇ የአንድ ኳስ ተጫዋች ፎቶ ለጥፎ መጨረሱን ነገረችኝ። ኳስ ተጫዋች ደግሞ በምን ሂሳብ አዋቂ ይባላል አልኳት።

«አዋቂ?» አለች። ፊቷ ተለወጠ። «አዋቂ ቤት ነው እንዴ የሚልኳቸው? ወላሂ ልጄን አልሰድም። ጥንቆላ ሐራም ነው።»

«አዋቂ ሁሉ ጠንቋይ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«የኔ ልጅ ግን ታዋቂ ነው የሚለው።»

በጣም አዘንኩላት። ልጇ ቃሉን በትክክል እንዳልሰማ፣ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል እንደሆነ፣ ታዋቂ ማለት ሰው የሚያውቀው፣ አዋቂ ማለት ግን ራሱ የሚያውቅ መሆኑን፣ ዓለም የተበላሸውም ሁለተኛውን በመጀመሪያው በመቀየሯ መሆኑን በትዕግሥት ገለጽኩላት። ልብሱን አጥፋ አዳመጠችኝ። እሺ ኦቦ፣ አንተ ታውቃለህ ብላ ሄደች። አንተ ታውቃለህ ማለቷን በወቅቱ እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዜን ለብሼ፣ ጢሜን አስተካክዬ ሄድኩ። ሰው የሕይወት ታሪኩ ሊነበብለት ሲሄድ ንጹሕ መሆን አለበት። ሚስቴና እህቴ ከእናቶች ጋር ኋላ ተቀመጡ፤ እህቴ ዚፕ ቢበጠስ ብላ መርፌና ክር ይዛ ነበር። እኔ ፊት ተቀመጥኩ። ከመድረኩ በላይ ባነር ተሰቅሏል፤ በትልልቅ ፊደል «የዓለም ባህልና የታዋቂ ሰዎች ቀን» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ታ አለበት።

ልጇን በቅርብ ልታይ ፊት መጥታ ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ባነሩን አየችው፤ ከዚያም እኔን አየች፤ ከዚያም በጨዋነት ጣሪያውን አየች። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። መምህሯ «አንድ ታዋቂ ሰው» ብላለች። ፈጠን ብለህ በለው፤ የ«አንድ» ድ የ«ታዋቂ»ን ታ ዋጥ ያደርጋታል። ልጄ የሰማችው «አንድ አዋቂ» ነው። መጀመሪያውኑ ቤቷ ውስጥ ሌት ተቀን የምትሰማው ቃል ስለሆነ ለመጠራጠር ምክንያት አልነበራትም። ቃሉን ያስለመድኳት ደግሞ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ዓለም በየተራ መድረክ ላይ ወጣች። ጃፓን ሰገደች። ብራዚል ማሊያውን ከላይ ደርቦ ስለመጣ የእናቱን ዓይን አላይም ብሎ መሬት መሬት አየ። ሜክሲኮ ኳስ ተጫዋቹን አቀረበና ተጨበጨበለት። ከእርሱ በኋላ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ጠፈርተኛ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ያው ኳስ ተጫዋች መጣ። ከዚያ ኖርዌይ ተጠራች።

ልጄ በዚያ ክፍል ውስጥ ድምጿ ከማይሰማ ልጆች አንዷ ናት። አማርኛዋ የእኛ ቤት ቃና አለው፤ አንዳንዱ ልጅ ይስቅበታል። መድረኩ መሃል ቆመች።

«የአንድ አዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ» አለች። «አዋቂዋ አክስቴ ናት።»

ልጆቹ ሳቁ። መምህሯ ጠጋ ብላ «ታዋቂ ነው እኮ ያልኩት» አለቻት፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ማይኩ ግን ሰማ። ሳቁ ጨመረ። ልጄ ወረቀት አልያዘችም፤ የምትደበቅበት ነገር አልነበራትም። ፊት ያለሁትን እኔን አየችኝ።

እውነቱን ልናገር። እዚህ ላይ አንድ አባት ልጁን አይዞሽ ቀጥዪ ይላል። እኔ እጄን ያነሣሁት ውረጂ ለማለት ነው። ስለ እኔ አለመሆኑ ገርሞኝ፣ ስለ እህቴ መሆኑ አስደንግጦኝ፣ የቤታችን ጉዳይ በማይክ ሊወጣ መሆኑ ታይቶኝ፣ ነይ ውረጂ አልኩ በእጄ። እርሷ ግን ቀጥዪ ያልኳት መሰላት። በዚያ ሳምንት አንዳችን የሌላችንን ስንት ነገር ተሳስተን ሰማን።

«አክስቴ ሲሬ ተወለደች» አለች። «ያለፈችው ችግር፣ የስፌት መኪናዋን ባሏ ሸጠባት። አባቴ አዋቂ ሰው የሰው ዕቃ ሳያስፈቅድ አይነካም ይላል። ስለዚህ ባሏ ገና አዋቂ አልሆነም።»

ከኋላ ከሴቶቹ በኩል አንድ ሳቅ ወጣ፤ የልጆቹ ዓይነት ሳቅ አልነበረም።

«አክስቴን መቼ ነው አዋቂ የሆንሽው ብዬ ጠየቅኳት። ሚኒባስ ላይ ነው አለችኝ። ረዳቱ የዚችን ሴት የሚከፍል ማነው ብሎ ወንዶቹን ሲጠይቅ፣ እኔው ነኝ ያልኩት ጊዜ አለችኝ። እዚህ ያሉትን ልብሶች ሁሉ የሰፋችው እርሷ ናት። ከእርሷ የምንማረው…»

እዚህ ላይ ቆመች። የረሳች መስሎኝ ነበር፤ አልረሳችም፣ እያሰበች ነው።

«ከእርሷ የምንማረውን ገና አላወቅኩም። ነገ ሽማግሌዎች መጥተው ይወስዷታል። አባቴ አዋቂን ማንም እጁን ይዞ አይመራውም ብሏል። አዋቂ ከሆነች ለምን እንደሚወስዷት አልገባኝም። አባቴን እጠይቀዋለሁ። አመሰግናለሁ።»

አዳራሹ አለቀሰ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አዳራሹ አላለቀሰም፤ ለስላሳና ብስኩት እንደሚታደል ስለተነገረው ቸኩሏል። ጥቂት ሴቶች አጨበጨቡ። መምህሯ አመስግና ቻይናን ጠራች። ጎረቤታችን ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ኦቦ፣ ይህኛው ግን አዋቂ ነው ታዋቂ?» አለችኝ። ዞር ብዬ እህቴን ፈለግኳት። አንገቷን ደፍታ የጃፓንን ጫፍ ትሰፋ ነበር፤ የጃፓን ጫፍ ግን አልተተረተረም።

ወደ ቤት እየተመለስን ነው። ልጄ በኖርዌይ ልብሷ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። የዛሬ ልጅ አባቱን አንተ ነው የሚለው፤ ተዉ ብዬ ብዬ ትቼዋለሁ።

«አባ፣ ጥያቄዬን መቼ ነው የምትመልስልኝ?»

«ነገ» አልኳት። ለአዋቂ ትርጉም የሰጠኋትን በልቤ እየመለስኩ አየሁት፤ ሁሉም ትክክል ነው፤ አንዱንም የምሰርዝበት ምክንያት አላገኘሁም። ችግሩም ይኸው ነበር። ትክክል የሆነ ነገር ቤት ውስጥ ሲነገር ከርሞ አንድ ቀን ዞሮ ተናጋሪውን ይነክሳል ብሎ የመከረኝ የለም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ከዙህር ሶላት በኋላ ደረሱ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው የባሏ አጎት፣ ጥምጣሙ ንጹሕ፣ ንግግሩ ማር፣ ነገር ሳይቸኩል የሚያመጣ ሰው። ዱዓ ተደረገ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ ተወራ። ከዚያ ሰውየው ወደ ጉዳዩ ገባ። ባልየው ማጥፋቱን አልካደም፤ ወጣት ነው አለ፤ ሚኒባሱ ሲያተርፍ ሌላ መኪና ይገዛላታል አለ፤ ሴት ልጅ ደግሞ ቤቷ ባሏ ቤት ነው አለ። የሚለው ሁሉ እኔ ስለው የከረምኩት ነው። በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን አላማረኝም። ምን ያህል እንደሚሰለች ያኔ ነው የገባኝ። በሩ ጋ ልጄ ቆማ ታዳምጣለች፤ ጥያቄዋን አልረሳችም።

ሲጨርስ እንግዲህ ትነሣ አለኝ። እኔም እህቴን እንጠይቃት አልኩ።

«ምኑን ነው የምንጠይቃት?» አለ ሰውየው። «አንተ ቃል ሰጥተኸናል እኮ።»

«ሰጥቻለሁ» አልኩ። «የሰጠኋችሁ ግን የራሴን ነገር አልነበረም። እርሱ መኪናዋን ሳያስፈቅዳት ሸጠ፤ እኔ እርሷን ሳላስፈቅዳት ሰጠሁ። የእርሱን ጥፋት ነው ካልን የእኔን ምን እንበለው?»

ሰውየው ጢሙን ዳሰሰ። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አዋቂ አይባልም አለኝ፤ በለስላሳ ድምፅ።

«አይባልም። ዛሬ እኔ አዋቂ አይደለሁም። አዋቂዋን ጠይቋት።»

እህቴ ተጠራች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ሰላም አለች። ትመለሻለሽ ወይ ስትባል ወደ እኔ አየች፤ የለመደችው ነው፣ መልሱ ከእኔ ይመጣል። እኔ ጣቶቼን መቁጠር ጀመርኩ።

«ራሱ ይምጣ» አለች። «መኪናዬን ይዞ ይምጣ። ሌላ አይደለም፣ ያችኑ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እናንተን ስላለፋኋችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሌላ አልጨመረችም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለመቆጣት ቢፈልጉም የሚቆጡበት ነገር አልተናገረችም፤ አልሄድም አላለች፣ እሄዳለሁ አላለች። ምሳ በሉ፤ በደንብ በሉ፤ ቅሬታ ሆድ እንደማይዘጋ አየሁ። ሲወጡ የባሏ አጎት በሩ ላይ ቆየት አለ። ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ የትምህርት ቤቱን ነገር ሰምቷል።

«ከአራተኛ ክፍል ልጅ ፍርድ መቀበል ጀመርክ ይላሉ» አለኝ።

«እኔ ሦስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት» አልኩት። «ትበልጠኛለች።»

አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም። ከባሏ ወገኖች ጋር ያለን ዝምድና ከዚያ ወዲህ ቀዝቅዟል፤ ሠርግ ላይ ስንገናኝ እጅ እንጨባበጣለን፣ አንቀመጥም። ቃሉን ያጠፈ ሰው ይህን መክፈል አለበት፤ ለልጄም ይህንኑ ነግሬያታለሁ። ለጥያቄዋ የሰጠኋት መልስ ግን አጭር ነበር። አይወስዷትም አልኳት። የሕይወት ታሪኬን አላስከተልኩበትም። ያን ዕለት ሻዬ ከስኳር ጋር መጣ፤ ሁለት ማንኪያ ሳይሆን አይቀርም፣ ጣፍጦ ጣፍጦ ልጠጣው አልቻልኩም።

ስለ ፕሮጀክቱ ውጤት መናገር ቀርቶኛል። የልጄ ነጥብ ዝቅተኛ ነበር። መምህሯ በቀይ «ከርዕስ ወጥታለች» ብላ ጽፋለች። ሚስቴ ሄደን እናነጋግራት አለች። እምቢ አልኩ። የተጠየቀው ኩሽኔታ ሌላ፣ የመጣው ሌላ ነው፤ የመጣው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለዚያ ማሽን አይገባም። መምህሯ ልክ ናት። እንዲያውም ደግ ናት፤ እንድታስተካክል ሌላ ዕድል ሰጠቻት፤ ለእርማት ስለሆነ ሯጭም ይፈቀዳል አለች።

ልጄ ሯጭ ሠራች። ቱታውን የሰፋችው እህቴ ናት፤ ከአርቦዬ እስካሁን ማንም መኪና ይዞ አልመጣም፣ የጎረቤታችን መኪናም ወደ አበባ ማስቀመጫነቷ አልተመለሰችም። ልጄ መድረክ ላይ ወጥታ፣ በቸኮሌት ወረቀት ሜዳሊያ አጊጣ፣ አንድ ታዋቂ ሰው በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ተናገረች። ታ በሚገባ ተሰምታለች፤ ደጋግማ እንድትላት ያለማመድኳት እኔ ራሴ ነኝ። ሙሉ ነጥብ አገኘች፤ አዳራሹም አጨበጨበ።

ከተናገረችው ግን አንድም ቃል አላስታውስም።